በተለጣፊ የጥፍር ቀለም ላይ ቶፕ ኮት፦ የትኛው ለየትኛው ይስማማል?

ተለጣፊ የጥፍር ቀለም የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚገዛው ከብሩሽና ከጠርሙስ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀለሙ እስኪደርቅ ጣትን ዘርግቶ ከመቀመጥ ለመገላገል ነው። ማሸጊያው ላይም ቤዝ ኮቱ (ከሥር የሚሆነው ሽፋን)፣ ቀለሙና ቶፕ ኮቱ (ከላይ የሚደረበው መከላከያ ሽፋን) በአንድነት ተደርበው እንደተሠሩ ብዙ ጊዜ ይጻፋል። ይሁንና በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን የአውራ ጣት ጥፍር ጫፍ ላይ ቀጭን ነጭ መስመር ብቅ ሲል፣ ወይም ጸጉር ሲያበጥሩ አንዲት ዘለላ በተለጣፊው ጠርዝ ሥር ገብታ ስትያዝ፣ «ከላይ ቶፕ ኮት ቀብቼበት ቢሆን ኖሮ» የሚል ቁጭት መምጣቱ አይቀርም።

ለዚህ በአንድ ቃል «አዎ» ወይም «አይ» ብሎ መመለስ ያሳስታል። በአንድ ስም የምንጠራቸው ተለጣፊዎች ፈጽሞ ከተለያዩ ሦስት ዓይነት ቁሶች የሚሠሩ ሲሆኑ፣ የአንዱን ዕድሜ የሚያራዝመው ቶፕ ኮት ሌላውን በደቂቃዎች ውስጥ ሊያሸበሽበው ይችላል። ስለዚህ ንጽጽሩ የሚጀምረው ከቶፕ ኮቱ ጠርሙስ ሳይሆን ከተለጣፊው ነው።

ተለጣፊው ከምን ተሠራ?

የመጀመሪያው ዓይነት በተለምዶ ኩቴክስ የምንለው የጥፍር ቀለም ራሱ ነው፤ ልዩነቱ በስሱ ተዘርግቶ፣ በከፊል ደርቆና ከሥሩ ማጣበቂያ ተደርጎለት መምጣቱ ነው። ሙሉ በሙሉ እንዳይደርቅ የሚደረገው ሆን ተብሎ ነው፤ ቀለሙን የሚያሟሟው ፈሳሽ፣ ማለትም አሟሚው፣ ጥቂት በውስጡ ስለሚቀር ሲስቡት ይለጠጣል፣ በጥፍሩ ጉብታ ላይም ያለ እጥፋት ይተኛል። አየር በማያስገባ ከረጢት የሚታሸገውም በዚሁ ምክንያት ሲሆን፣ ከረጢቱ ከተከፈተ በኋላ ሳይለጠፉ የቀሩት ፍሬዎች ውለው አድረው ይደርቁና ሲነኳቸው ይሰባበራሉ። ሁለተኛው ዓይነት በከፊል የጠነከረ ጄል ነው፤ ጥንካሬው የሚሟላው ከተለጠፈ በኋላ እጅን በዩቪ ወይም በኤልኢዲ መብራት ሥር በማድረግ ነው። ሦስተኛው ከቪኒል ወይም ከሌላ ስስ ፕላስቲክ የተሠራና ሥዕል የታተመበት ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ በጸጉር ማድረቂያ ሙቀት እየለሰለሰ ይለጠፋል። ይህኛው ማሸጊያው ተከፍቶ ቢከርምም አይደርቅም።

መብራት የሚፈልገውን መመሪያው ስለሚናገር መለየቱ አያስቸግርም። በቀሪዎቹ ሁለት መካከል ጥርጣሬ ካለ ግን ከተለጣፊው የተረፈች ቁራጭ ወስዶ አሴቶን (የጥፍር ቀለም ማጥፊያ ፈሳሽ) በነካው ጥጥ ማሸት ይበቃል። ሽፋኑ ሟሙቶ ጥጡን ካቀለመው እውነተኛ ቀለም ነው፤ ሥዕሉ ቢደበዝዝም ሽፋኑ እንደ ላስቲክ ሆኖ እጅ ላይ ከቀረ ፕላስቲክ ነው።

የቁሱ ጉዳይ ይህን ያህል ክብደት የሚሰጠው በምክንያት ነው። የተለመደው የጥፍር ቀለም ዋና አካል ናይትሮሴሉሎስ የሚባለው ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ጠርሙስ ውስጥ የሚገባው እንደ ኤቲል አሲቴትና ቡቲል አሲቴት ባሉ አሟሚዎች ሟሙቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መኪኖችን በፍጥነት በሚደርቅ ቀለም መቀባት የተቻለው በዚሁ ንጥረ ነገር ነበርና የጥፍርና የመኪና ቀለም የሩቅ ዘመዳሞች ናቸው። ቀለሙ ደረቀ ስንል አሟሚዎቹ ተነው ጠፉ ማለታችን ነው፤ የቀረው ሽፋን ሌላ ነገር ስላልሆነ ያው አሟሚ ተመልሶ ሲነካው እንደገና ይለሰልሳል። ተራው ቶፕ ኮት ደግሞ በአብዛኛው የሚዘጋጀው በእነዚሁ አሟሚዎች ነው። እንግዲህ እውነተኛ ቀለም በሆነ ተለጣፊ ላይ ቶፕ ኮት ስንቀባ ሽፋን መደረብ ብቻ ሳይሆን ከሥር ያለውንም በጥቂቱ ማርጠባችን ነው። በልኩ ሲሆን ሁለቱ ይዋሃዳሉ፤ ሲበዛ ግን ተለጣፊው ሲለጠፍ ተወጥሮ የነበረው ሽፋን ይላላና ወደ መሀል እየተሰበሰበ ይጨማደዳል።

ጄል የተለየ ነው። ብርሃኑ ሲያገኘው ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ተሳስረው መረብ ስለሚሠሩ፣ በሚገባ ከጠነከረ በኋላ የተራ ቶፕ ኮት አሟሚ አይጎዳውም። ፕላስቲኩ ላይ ያለው ችግር ደግሞ ተቃራኒ ነው፤ ቶፕ ኮቱ ወደ ውስጥ አይሰርግም፣ ከላይ ብቻ ተቀምጦ ይደርቃል። ከሥሩ ያለው ፕላስቲክ ሲታጠፍ እርሱ መታጠፍ ስለማይችል ይሰነጠቅና እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሣል። በፕላስቲኩ ላይ የታተመው ሥዕል በአሟሚው ተነክቶ ጠርዙ ሲፈስም ይታያል።

ምንም አለመቀባት

ይህን ምርጫ የማስቀድመው በጣም ስለሚናቅ ነው። ተለጣፊ የሚበላሽበትን ቦታ ልብ ብሎ ላየ ሰው፣ መሀሉ ላይ ሲያረጅ የሚታየው አልፎ አልፎ ነው፤ ነገሩ የሚጀምረው ከጫፉ፣ ከጎኖቹና ከጥፍሩ ሥር ነው። ጫፉ የሚሸረፈው ትርፉ በሞረድ ሲቆረጥ የተቆረጠው ጠርዝ ክፍት ሆኖ ስለሚቀር ነው። ጎኑ የሚነሣው ብዙ ጊዜ ተለጣፊው ለጥፍሩ ሰፍቶ ቆዳ ላይ ስለተቀመጠ ነው። ከሥሩ የሚላቀቀው ደግሞ ጥፍሩ ላይ ቅባት ስለነበረ ወይም ከመለጠፉ በፊት እጅ ውኃ ውስጥ ስለቆየ ነው፤ ጥፍር ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይመለሳል፣ የተለጠፈበት ነገር ግን አብሮት አይሄድም።

ከእነዚህ ውስጥ ቶፕ ኮት የሚረዳው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሰፊ ተለጣፊን አያጠብም፣ ቅባትን አያጠፋም፤ እንዲያውም ቆዳ ላይ በተቀመጠ ጠርዝ ላይ ሲቀባ ከቆዳው ጋር አያይዞት አንድ ላይ እንዲነሣ ያደርጋል። ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን ዝግጅት የሚለጥፍ፣ በሳምንቱ መጨረሻ የሚለውጥ ወይም ፕላስቲኩን ዓይነት የሚጠቀም ሰው ጠርሙሱን ባይከፍት ይሻለዋል እላለሁ። በአንጻሩ እጁ ከውኃና ከሳሙና የማይወጣ፣ ሲተይብ የሚውል ወይም ተለጣፊውን ከሳምንት በላይ ማቆየት የሚፈልግ ሰው ጫፉን መሸፈኑ ይጠቅመዋል።

እኔ ልዩነቱን ለማየት በአንድ እጄ ላይ ቀብቼ ሌላውን ባዶ ትቼ ሞክሬ ነበር፤ የተቀባው ግራ እጄ በግልጽ የተሻለ ሆኖ ስለታየኝም ተደስቼ ነበር። ቆይቶ ግን ቀኜ ሥራ የሚበዛበት እጅ መሆኑ ትዝ አለኝና በሚቀጥለው ጊዜ አቀያየርኩት። ያን ጊዜ ልዩነቱ እጅግ ጠበበ፤ ሳይጠፋ የቀረው የአውራ ጣትና የሌባ ጣት ጫፍ ላይ ብቻ ነበር። ተመሳሳይ ሙከራ ማድረግ የሚፈልግ ሰው እጅ ማቀያየሩን እንዳይዘነጋ።

ቶፕ ኮቶቹ ሲነጻጸሩ

ቀስ ብሎ የሚደርቀው ተራ ቶፕ ኮት ለእውነተኛው ቀለም ተለጣፊ የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። አሟሚው ቀስ እያለ ስለሚተን ሽፋኑ ሳይወጠር ይደላደላል፣ ከሥሩ ካለው ጋርም ይዋሃዳል። ጉዳቱ መጠበቅን መመለሱ ነው፤ ተለጣፊ የተገዛው ላለመጠበቅ ነበርና። በጄል ተለጣፊም ላይ ያለ ችግር ይቀባል፤ ከሳምንት በኋላ የጠፋ አንጸባራቂነትን ለመመለስ ከዚህ የቀለለ መንገድ አላውቅም።

ፈጥኖ የሚደርቀው ቶፕ ኮት በብዙ ሰው ዘንድ የሚወደደው በጠርሙስ ቀለም ላይ በሚሠራው ሥራ ነው፤ እርጥብ ቀለም ላይ ተቀብቶ ሁሉንም አንድ ላይ እንዲያደርቅ የተቀመመ ነው። ችግሩ ላዩ ከሥሩ ቀድሞ መድረቁና ሲደርቅም መኮማተሩ ነው። ጠርሙስ ቀለም ላይ እንኳ ቀለሙን ከጥፍሩ ጫፍ ወደ ኋላ ሲስበው ይታያል። ተለጣፊ ላይ ይህ መሳብ የሚያርፈው ልናሽገው በፈለግነው ጠርዝ ላይ ነው፤ ማታ ጫፉ ድረስ ሞልቶ የነበረው ተለጣፊ ጠዋት በጸጉር ስፋት ያህል ወደ ኋላ አፈግፍጎ ይገኛል። በወፍራሙ ከተቀባ ደግሞ በለሰለሰው ተለጣፊ ውስጥ አሟሚው ታፍኖ ስለሚቀር፣ ላዩ ደርቆ ሳለ የአልጋ ልብስ ሽመና ሳይቀር ይታተምበታል። ያለው ይህ ብቻ ከሆነ በጣም ስስ አድርጎ፣ የጥፍሩን ጫፍ ዙሪያውን ጠቅልሎ መቀባት ጉዳቱን ይቀንሳል፤ ተመርጦ የሚገዛ ግን አይደለም።

«ጄል መሳይ» ተብለው ያለ መብራት የሚደርቁት ወፍራም ቶፕ ኮቶች በአመዛኙ ከአሟሚ ጋር የተሠሩ ናቸውና ከላይ የተባለው ይመለከታቸዋል። ወፍራም በመሆናቸው የተለጣፊውን ጥቃቅን መጨማደድና በብልጭልጭ የተሞላውን ሻካራ ገጽ ጥሩ አድርገው ይደለድላሉ። ለብልጭልጭ ብቻ ቢቀመጡ አይከፋም።

በውኃ ላይ የተመሠረተው ቶፕ ኮት የሚታወቀው በጥቂቱ ነው፤ ለታተመ ሥዕል፣ ለመስታወት መሳይና ለቀስተ ደመና መሳይ ብረታ ብረት ቀለም ግን ከሁሉም ይበልጣል። እነዚህ ገጾች በአሟሚ ሲነኩ ወዲያው ይደበዝዛሉ፤ መስታወት የነበረው ግራጫ ይሆናል። በውኃ የተዘጋጀው ሽፋን ናይትሮሴሉሎስንም ሆነ የኅትመት ቀለምን ስለማያሟሟ ሥዕሉ እንዳለ ይቆያል። ድክመቱ ጥንካሬው ነው፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ውኃ ከነካው ይለሰልሳልና ይነጣል። ከመተኛት በፊት ቀብቶ እስከ ጠዋት ውኃ አለመንካት ይበጃል።

በመብራት የሚጠነክረው ጄል ቶፕ ኮት ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም ከሁሉም በላይ ጠንካራ ስለሆነ በየትኛውም ተለጣፊ ላይ የመቀባት ፈተናው ትልቅ ነው። በጄል ተለጣፊ ላይ ቦታው ነው። ተለጣፊው መጀመሪያ ለብቻው መብራት ሥር ይግባ፤ ከዚያ ስስ ጄል ተቀብቶ እንደገና ይግባ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ለማጠንከር መሞከር ብርሃኑ ወደ ታችኛው ሽፋን በቂ ሆኖ እንዳይደርስ ያደርጋል። እውነተኛ ቀለም በሆነው ተለጣፊ ላይ ግን ከሥሩ ገና አሟሚ የሚተን ለስላሳ ነገር፣ ከላዩ ደግሞ የማይለጠጥ ጠንካራ ክዳን ይሆናል። ጥቂት ቀናት ቆይቶ ጄሉ በአንድ ጎን ይነሣና ሙሉውን እንደ አንድ ቅርፊት ይዞት ይወጣል። የተለጣፊው ትልቁ ጥቅም በቀላሉ መነሣቱ ሲሆን፣ ጄል የተደረበበት ግን አሴቶን በነካ ጥጥ ተጠቅልሎ መቆየት ግድ ይሆንበታል።

ከዚህም በላይ የጤና ጉዳይ አለ። ያልጠነከረ ጄል ውስጥ ያሉት አክሪሌት የሚባሉ ኬሚካሎች፣ በተለይም ሄማ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው፣ ቆዳ ሲነኩ አለርጂ ሊያስነሡ ይችላሉ፤ አለርጂው አንዴ ከያዘ አብዛኛውን ጊዜ ለዕድሜ ልክ ይቆያል፣ ተመሳሳይ ንጥረ ነገር ያለባቸው የጥርስ ሕክምና ቁሶች ሲነኩም ሊቀሰቀስ ይችላል። ስለዚህ ጄሉ ከጥፍር ሥር ቆዳ ላይ ከፈሰሰ መብራት ሥር ከመግባቱ በፊት መጠረግ አለበት። መብራቱም ለጄሉ የተመከረው ይሁን፤ ብዙዎቹ በ365 እና በ405 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት አካባቢ የሚያበሩ ሲሆን፣ ጄሉ የማይፈልገውን ብርሃን ቢያገኝ ላዩ ደርቆ ውስጡ ጥሬ ሊቀር ይችላል። ቲፒኦ የተባለው፣ ብርሃን ተቀብሎ ጄሉ እንዲጠነክር የሚያደርገው ንጥረ ነገርም በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ከመዋቢያ ምርቶች ስለታገደ፣ የቆየ ጠርሙስ ያለው ሰው የንጥረ ነገሩን ዝርዝር ቢያይ መልካም ነው። ጣቶቹ የተቆረጡ ጓንት ማድረግ ደግሞ የእጅን ቆዳ ከዩቪ ጨረር ይከላከላል።

አንጸባራቂነትን የሚያጠፋው ማት ቶፕ ኮት ለመልክ እንጂ ለጥበቃ አይደለም፤ ጫፉ ላይ ሲታሽ ተመልሶ ያብለጨልጫል።

አቀባቡ

የተሳሳተ አቀባብ የትኛውንም ጥሩ ምርጫ ያበላሻል። እጅ በሳሙና ታጥቦ በደንብ ይድረቅ፤ ጥፍሩ በአልኮል ተጠርጎ አልኮሉ እስኪተን ይጠበቅ። ከጥፍሩ ጠበብ ያለው መጠን ይመረጥ፤ በሁለት መጠኖች መካከል ሲወላውሉ ትንሹን መውሰድ ነው። ተለጣፊው ከሥር በኩል ይጀመርና በአውራ ጣት ሆድ ወደ ጫፍ እየተጫኑ አየሩን ማስወጣት፣ ትርፉን በጫፉ ላይ አጥፎ ከላይ ወደ ታች በአንድ አቅጣጫ ብቻ መሞረድ ያስፈልጋል። ሞረዱ ወደ ላይ ከተመለሰ ጠርዙን ያነሣዋል። የሞረዱ ብናኝ በደረቅ ብሩሽ ይጠረግ፤ ቶፕ ኮት ውስጥ ከገባ ነጥብ ነጥብ ሆኖ ይቀራል።

እውነተኛ ቀለም የሆነው ተለጣፊ ከተለጠፈ በኋላ ለሩብ ሰዓት ያህል ይተዉት። ከዚያ ብሩሹን በጠርሙሱ አንገት ላይ በሁለቱም ጎን ጠርጎ፣ በጸጉሮቹ ጫፍ ላይ አንዲት ትንሽ ጠብታ ብቻ ማስቀረት። መጀመሪያ የሚቀባው የጥፍሩ ፊት ሳይሆን የተሞረደው ጠርዝ ነው፤ ብሩሹ በጎኑ ተይዞ በጠርዙ ላይ አንድ ጊዜ ይለፍ። ሙሉውን መቀባት ከተፈለገ ብሩሹን አጋድሞ፣ ጠብታው ተንሳፍፎ እንዲሄድ እንጂ ጸጉሮቹ ተለጣፊውን እንዳይፍቁ ቀለል አድርጎ፣ በሦስት ጊዜ ማለፍ ይበቃል። ያለፉበት ቦታ ላይ አይመለሱ፤ አሟሚው ማለስለስ በጀመረበት ላይ የተመለሰ ብሩሽ ቀለሙን ያንቀሳቅሰዋል።

እኔ የደረስኩበት ልማድ በመጀመሪያው ቀን ጠርዙን ብቻ መቀባት፣ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ደግሞ ሙሉውን አንድ ጊዜ በስሱ መቀባት ነው። እስከዚያ ድረስ ተለጣፊው ውስጥ የቀረው አሟሚ በአብዛኛው ተኖ ስለሚያልቅ መሸብሸቡ እጅግ ይቀንሳል፤ በጥቃቅን ጭረት የደበዘዘው ገጽም የሚታደሰው በሚያስፈልገው ጊዜ ነው። የትኛውንም አዲስ ቶፕ ኮት ሲጀምሩ ግን ከተረፉት ቁራጮች አንዷን ጠርሙስ ላይ ለጥፈው ቀብተው እስኪደርቅ ይዩት፤ ሊሸበሸብ ወይም ሊደበዝዝ ካለው በአሥር ጥፍር ፈንታ በአንድ ቁራጭ ያሳያል።

ከተቀባ በኋላ ለጥቂት ሰዓታት ሙቅ ውኃና ዕቃ ማጠብ ይቅር። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ቶፕ ኮት ሲቆይ እንደ ማር ከወፈረ በአሴቶን አይቅጠን፤ አሴቶን የቅመሙን ሚዛን ያፋልሳል፣ ተለጣፊውንም ይበልጥ ያለሰልሳል። ለዚሁ የተዘጋጀ ማቅጠኛ ከሌለ ሌላ ጠርሙስ መክፈት ነው።

ሲነሣም ዓይነቱ ይወስናል። እውነተኛው ቀለም በቀለም ማጥፊያ ይጠፋል፤ ቶፕ ኮት የተደረበበት ጥጡ ጥፍሩ ላይ ትንሽ እንዲቆይለት ይፈልጋል። ፕላስቲኩ እጅ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ከቆየ በኋላ ከጎን በኩል በቀስታ ይላጣል። ጄሉ በጠርዙ ሥር ማጥፊያ ወይም ዘይት እየገባለት በእንጨት ይነሣል። አንድ ጥግ ስለተነሣ ብቻ ሙሉውን ጎትቶ መላጥ የጥፍሩን የላይኛ ንጣፍ አብሮ ይዞ ይወጣል፤ በተለይ ጄል ቶፕ ኮት የተደረበበት።

የእግር ጥፍር ላይ የተለጠፈ ግን ጫማ ጫፉን እስካልፈተገው ድረስ ከእጁ ይልቅ ብዙ ይቆያል፤ ቶፕ ኮት እዚያ ማባከን አያስፈልግም።